የልብ ሕመም ያለበት ቤተሰብ ያላችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፣ ይህችን ሐኪም ፈልጓት

እናቴ ልቧ መድከሙን የሰማችው በር ላይ ቆማ ነው። ቦታውን አልጠራም፤ ብጠራውስ ምን ሊጠቅመኝ። ወረፋ ጠብቀን፣ ከፍለን፣ በልብ አልትራሳውንድ ከታየች በኋላ ወረቀቱን የሰጠን ሰው ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «ልቧ ደክሟል፣ 40 በመቶ ነው» አለና ቀጣዩን ተራ ጠራ። ምን ማለት እንደሆነ ብጠይቀው «ወረቀቱ ላይ አለ» አለኝ። ያንን ወረቀት ማን ያንብበው!

እናቴ 60 በመቶው ሞቷል ብላ ደመደመች። ወርቋን ለእህቶቼ አከፋፈለች፤ ጎረቤቱን ሁሉ «አፉ በሉኝ» እያለች ዞረች። ቤታችን ሰው ሳይሞት የለቅሶ ቤት ሆነ።

ፒያሳ አካባቢ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ የመራችን ጎረቤታችን ናት። ዶክተሯ፣ ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ ነው የማልጽፈው፣ ከወረቀቱ በፊት የእናቴን ፊት አየች። «እማማ፣ ማን ነው እንዲህ ያስፈራዎት?» አለቻት። ከዚያ መሣሪያውን ደረቷ ላይ አድርጋ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረችላት።

«ይኸው፣ ይህ የግራው የታችኛው ክፍል ነው፤ ደም ወደ መላ ሰውነት የሚገፋው እሱ ነው። በመታ ቁጥር ከያዘው ደም 40 በመቶውን ያወጣል። ጤነኛ ልብም ቢሆን መቶውን አያወጣም፤ ከ50 እስከ 70 ነው። የሞተ ነገር የለም፤ የጎደለውን በመድኃኒት እንደግፈዋለን። አብሽሪ በሏት ልብዎን!»

እናቴ የገዛ ልቧን ሲመታ አይታ ሳቀች። «እስኪ ልጄ ድገሚልኝ» አለች። ደገመችላት፤ ሳትቸኩል፣ ሳትቆጣ። ውጭ ሰው ተሰልፎ ነበር እኮ!

ስለ ቫልቭና ስለ ግፊት ብዙ ተናግራለች፤ ግማሹ አልገባኝም። የያዝኩት ጨው እንዲቀነስ፣ ክብደቷ በየማለዳው እንዲለካ፣ በድንገት ከጨመረ ወይም እግሯ ካበጠ ሰውነቷ ውሃ እየቋጠረ ነውና ቶሎ እንድትመጣ፣ ተሻለኝ ብላም መድኃኒት እንዳታቆም ነው። ሚዛን ገዛን። እናቴ በየጠዋቱ ወጥታበት ቁጥሩን እንደ ሎተሪ ዕጣ ጮክ ብላ ታውጃለች። ጨው ያነሰው ሽሮ ግን አሁንም ያጣላናል።

ዱዓዋን ለዶክተሯ በየሶላቱ ታደርሳለች፤ እኔ ደግሞ እዚህ ጻፍኩ። ሂዱ፣ እባካችሁ ሂዱ፤ በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ ቦታውን እጠቁማለሁ። ስትሄዱ የድሮውን የምርመራ ወረቀትና የምትወስዱትን ክኒን ሁሉ ከነማሸጊያው ያዙ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።