ካርቡራተር ያለው መኪና ላላችሁ፦ እኚህን መካኒክ እወቋቸው

ሰላም ወገኖች፣ በተለይ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ። ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ዕቃ) ያለው አሮጌ መኪና የምትነዱ፣ እንደኔም የድራግ ውድድር (ቀጥ ባለ አጭር መንገድ ላይ ከቆሙበት ተነስቶ መሽቀዳደም) ልክፍት ያለባችሁ ካላችሁ ይቺን አንብቧት። እጃቸው ይባረክና አንድ ሰው ማመስገን አለብኝ።

መኪናዬ የ1972 ሸቭሮሌት ኖቫ ናት፤ ባለ 350 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር፣ ካርቡራተሯ ሆሊ የሚባለው፣ ባለ 750። ሜሪላንድ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ የሚባለው የውድድር ሜዳ ላይ ስትነሳ የሚያህላት የለም። ሦስተኛ ማርሽ ስትገባ ግን ትንፋሽ ያጥራታል፤ በካርቡራተሩ በኩል ታስነጥሳለች፤ ካንዴላዎቹም ሲፈቱ ነጭ ሆነው ይወጣሉ። ቤንዚን አንሷታል ማለት ነው። ያየልኝ ሁሉ "ጄቱን (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) አስፋው"፣ "ትልቅ ካርቡራተር ግዛ" ይለኛል። አንዱ ጋራዥማ ዋጋውን ጽፎ አስጨበጠኝ።

ጋሼ (ስሜን አትጻፍ ስላሉኝ ነው) አዲስ አበባ የላዳና የፊያት ታክሲ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ሲጀምሩ ካርቡራተሩን አልነኩትም። መጀመሪያ እሳት ማጥፊያ አጠገባቸው አቆሙ። ከዚያ ወደ ካርቡራተሩ የሚገባውን ቧንቧ ፈትተው የቤንዚን ፓምፑ ጀሪካን ውስጥ እንዲያፈስ አደረጉት። አንድ ጋሎን ለመሙላት አንድ ደቂቃ ገደማ ፈጀ፤ በሰዓት 60 ጋሎን ገደማ ማለት ነው። 450 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በሙሉ ነዳጅ ሲረገጥ በሰዓት ወደ 37 ጋሎን ነው የሚጠጣው፤ ስለዚህ "ይበቃታላ!" ስል ሳቁብኝ። "አንተ ልጅ፣ የቆመ መኪና ይዋሻል።"

የግፊት መለኪያውን ከመስታወቱ ውጭ፣ ኮፈኑ ጫፍ ላይ አሰሩት፤ ቤንዚን ያለበት መለኪያ ሹፌሩ አጠገብ አይገባም። ስልኬን ፊት ለፊቱ በፕላስተር ለጠፉና "በል ንዳት" አሉኝ። በኋላ ቪዲዮውን ቀስ አድርገን ስናየው፣ ቆማ ሳለች 7 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ላይ የነበረው ቀስት ስትወነጨፍ 2 ላይ ወረደ፤ ሦስተኛ ማርሽ ላይም ከ4 አላለፈም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤንዚን ክብደት አለው፤ መኪናዋ ወደ ፊት ስትወረወር ቧንቧው ውስጥ ያለው ወደ ኋላ ይገፋል። ከታንከሩ እስከ ሞተሩ 3 ሜትር ያህል ቧንቧ ካለ፣ በ1 ጂ (የመሬት ስበትን በሚያህል ጉልበት) ስትነሳ ይሄ ብቻ 3 ፒኤስአይ ገደማ ይበላል። ካርቡራተሩ ቋት ውስጥ የተጠራቀመው ቤንዚን ለጥቂት ሰከንድ ያደርሳታል፤ ከዚያ በኋላ ፓምፑ ካልደረሰላት አለቀላት። የኔ ፓምፕ ደግሞ መድረስ አልቻለም፤ ምክንያቱም ባትሪው ጋ 13.5 የነበረው ቮልት ፓምፑ ጋ ሲደርስ 10.5 ነበር። ሽቦው እንደ ክር ቀጭን፣ ያውም በዳሽቦርዱ ማብሪያ ዞሮ የሚሄድ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ስለ ካርቡራተር ስንከራከር!

ጋሼ ወፍራም ሽቦ ከባትሪው በሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) በቀጥታ ለፓምፑ ወሰዱለት። ፓምፑን ከታንከሩ በታች አወረዱት፤ መግፋት እንጂ መሳብ አይወድም። የ3/8 ኢንች ቧንቧውን በ1/2 ኢንች ቀየሩ፤ ትርፉን ቤንዚን ወደ ታንከር የሚመልስ ሬጉሌተር (ግፊት መቆጣጠሪያ) ገጠሙ። የታንከሩን መተንፈሻም አጸዱ። ካርቡራተሩ ላይ የነኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስትነሳ ቤንዚኑ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ የኋለኛው ቋት ጄቶች በአየር እንዳይቀሩ ማስረዘሚያ ቱቦ ጨመሩላቸው፤ ፍሎቱንም (ቋቱ ውስጥ የቤንዚኑን ከፍታ የሚቆጣጠረውን ተንሳፋፊ) ቱቦዎቹን እንዳይነካቸው ቀረጹት።

አሁን ቀስቱ እስከ መጨረሻው መስመር ከ6 አይወርድም። ኖቫዬም ሩብ ማይሉን ከ12 ሰከንድ በታች ገባች። ክፍያው ትልቅ ካርቡራተር ከሚያስወጣኝ ያነሰ ሲሆን፣ የተረፈውን ሽቦ እንኳ ጠቅልለው መለሱልኝ። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

እንከናቸውንም ልናገር፦ ስልክ አያነሱም፣ የሚቸኩል ሰውም አይወዱም። እሁድና በዓል አይሠሩም። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ጠይቄ እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ አዲስ ዕቃ ገዝታችሁ አትሂዱ፤ "ማን ለካልህ?" ብለው ይመልሷችኋል። ታንከሩን ግማሽ ድረስ ብቻ ሙሉት፤ ማውረዱ ይቀላቸዋል።