ለመጥለቂያ ሬጉሌተር የትኛው ኦሪንግ? ናይትራይል፣ ቪቶን ወይስ ኢፒዲኤም

ሬጉሌተር የሲሊንደሩን ከፍተኛ ግፊት ጠላቂው ወደሚተነፍሰው መጠን የሚያወርድ መሣሪያ ሲሆን፣ ኦሪንግ ደግሞ በውስጡ አየር እንዳይፈስ የሚያሽግ የጎማ ቀለበት ነው። «ሬጉሌተሬን ሳስጠግን የትኛውን ኦሪንግ ላስገባ?» የሚለው የጠላቂ ወዳጆቼ ጥያቄ ስለተደጋገመ፣ እኔም በርካሽ ገዝቼ አንድ ጊዜ ስለተቀጣሁ፣ ሦስቱን የጎማ ዓይነቶች፣ ናይትራይልን፣ ቪቶንንና ኢፒዲኤምን፣ በዋጋና በአረጃጀት አነጻጽራቸዋለሁ። ምርጫዬ ኢፒዲኤም መሆኑን ከወዲሁ ልናገር።

ናይትራይል ከሁሉም ርካሽ ሲሆን ዘይትም አይጎዳውም፤ ጠላቱ በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን የተባለ ጋዝ ነው፤ በተለይ ተወጥሮ በቆየበት ቦታ ይሰነጥቀዋል። አይኤስኦ 2230 የተባለው የጎማ ማከማቻ መስፈርት ለናይትራይል 7፣ ለሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ 10 ዓመት የመጀመሪያ የመደርደሪያ ዕድሜ (ሳይገጠም ተከማችቶ የሚቆይበትን ጊዜ) ይሰጣል። ስለዚህ የተመረተበት ቀን ያልተጻፈበት ናይትራይል በነጻም ቢሰጥ ውድ ነው።

ቪቶን ኦዞንንም ዘይትንም ይቋቋማል፤ ሆኖም ዋጋው ከናይትራይል ብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ በብርድም ይደድራል፤ የመጀመሪያው ደረጃ፣ ማለትም ሲሊንደሩ ላይ የሚገጠመው የሬጉሌተሩ ክፍል፣ ደግሞ ጋዙ ሲስፋፋ እጅግ ይቀዘቅዛል። አስመስለው የሚሸጡትም እሱኑ ነው። እኔ ቡናማ ቀለሙን አይቼ «ቪቶን» ብዬ አንድ ሣጥን ገዛሁ። በጥቂት ወራት ውስጥ የመጀመሪያው ደረጃ አየር ማፍሰስ ጀመረ፤ ሲፈታ ኦሪንጉ በአንድ ጎኑ ተጨፍልቆ፣ ጠረጴዛ ላይ ካደረም በኋላ ወደ ክብነቱ አልተመለሰም። ከሣጥኑ 20 ቀለበት ከ20 ተመሳሳይ መጠን ካላቸው ናይትራይሎች ጋር ብመዝን ክብደታቸው እኩል ሆነ፤ እውነተኛ ቪቶን ግን እፍጋቱ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1.8 ግራም ገደማ ስለሆነ በግማሽ ያህል መብለጥ ነበረበት። ከጎማው ያተረፍኩት ገንዘብ የጥገናውን ክፍያ ደግሞ ለመክፈል አልበቃኝም።

ኢፒዲኤም ዋጋው መካከለኛ ነው። ሞለኪውሉ በዋና ሰንሰለቱ ላይ ኦዞን የሚያጠቃው ድርብ ትስስር ስለሌለው አይሰነጠቅም፣ በብርድም ልስላሴውን አይጥልም፤ በኦክስጅን ለበለጸገ አየርም፣ ዕቃው በአግባቡ ከታጠበና ለኦክስጅን የተሠራ ግራሶ ከተቀባ፣ ይስማማል። ነውሩ አንድ ነው፦ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣ ዘይት ያሳብጠዋል። ቫዝሊን የሚቀባ ሰው፣ ወይም ኮምፕሬሰሩ ዘይት የሚተፋበት ቦታ ሲሊንደሩን የሚያስሞላ፣ ባይገዛው ይሻላል።

ኦሪንግ ከመቀየርዎ በፊት ግን የመካከለኛውን ግፊት፣ ማለትም የመጀመሪያው ደረጃ ዝቅ አድርጎ የሚያስተላልፈውን፣ በጌጅ ያስለኩ። ከ9 እስከ 10 ባር አካባቢ ረግቶ መቆም ያለበት ቀስት ቀስ እያለ ሽቅብ የሚወጣ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያረጀው የከፍተኛ ግፊት መቀመጫው (የሲሊንደሩን አየር የሚዘጋው የቫልቩ ክፍል) ስለሆነ፣ ለኦሪንግ የሚከፍሉት ገንዘብ በከንቱ ይሄዳል።