የክረምት በለስ፦ ከመንገድ ዳር ላጭ፣ ከጭማቂ ቤትና ከሆቴል የቱ ይሻላል?

ለክረምት አገር ቤት የገባ ሰው በለስ፣ ማለትም የቁልቋል ፍሬ፣ በሚደርስበት ሰሞን ነው የሚገኘው። ከሰኔ ጀምሮ መታየት ይጀምራል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይትረፈረፋል። ቁልቋሉ ራሱ ከሜክሲኮ የመጣ እንግዳ ተክል ነው፤ ዛሬ ግን ያለ እሱ የትግራይን ክረምት ማሰብ ይከብዳል።

ከሞከርናቸው አገልግሎቶች ሁሉ አንደኛው የመንገድ ዳር ላጮች ናቸው። ከመቀሌ ወደ አዲግራት ስትወጡ፣ ውቅሮንና እዳጋ ሐሙስን ይዞ በሚሄደው መንገድ ላይ በባልዲ ደርድረው ይጠብቃሉ። የላጩ እጅ ሲሠራ ቆም ብሎ ማየት ያስደስታል። ፍሬውን በሁለት ጣት ብቻ ይይዛል፣ ጫፍና ጫፉን ይቆርጣል፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ይሰነጥቃል፣ ከዚያ ልጣጩን በቢላው ግራና ቀኝ ይገልጠዋል። ፍሬው ልጣጩ ላይ እንደ ተኛ ወደ እናንተ ይዘረጋል፤ እናንተ የምትነኩት ውስጡን ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ከ10 ሰከንድ አይበልጥም።

ችግር የሚመጣው ልጣጩን የያዘው ጣት ፍሬውን ሲነካ ነው። በለስ ላይ ያለው እሾህ እንደ ጸጉር የቀጠነ ስለሆነ ዓይን አያየውም፤ ከንፈርና ምላስ ላይ ሲቀር ግን ቀኑን ሙሉ ይወጋል። ስለዚህ ፍሬው በውሃ የተነከረበትን ባልዲ ምረጡ፤ እርጥብ ከሆነ እሾሁ አይበንም። ለቃሚዎችም ጠዋት ጤዛ ሳይደርቅ፣ ነፋስ ሳይነሳ የሚለቅሙት ለዚሁ ነው። ውሃው ከደፈረሰ ወይም ተልጦ የተቀመጠ ከቀረበላችሁ «እናቴ፣ ካልተላጠው ይላጡልኝ» ብትሉ ማንም አይቀየምም። እጃችሁ ላይ ከገባባችሁ አትሹት፤ ፕላስተር ለጥፋችሁ ንቀሉት፣ የቀረውን በወረንጦ።

ሳይላጥ የሚሸጥላችሁ ካለ መቀመጫውን እዩ። በቢላ ተቆርጦ የወረደ ፍሬ ግርጌው ድፍን ነው፤ ተጠምዝዞ የተገነጠለው ግርጌው ይቀደዳል፣ መበስበስም ከዚያ ይጀምራል። «ሁለት ቀን ይቆይ፣ ይጣፍጣል» የሚለውን አትቀበሉ። በለስ ከወረደ በኋላ ይለሰልሳል እንጂ ስኳር አይጨምርም።

ጭማቂ ቤቶች መካከለኛ ናቸው። ፍሬውን እንዳለ መፍጫ ውስጥ የሚጨምሩት ቤቶች ጠጣሩን ዘር ይሰብሩታል፣ ጭማቂው አሸዋ አሸዋ ይላል። ደህናዎቹ በማንኪያ ጨፍልቀው በወንፊት ያጠልሉታል፣ ስኳርም አይጨምሩም። ከማዘዛችሁ በፊት «ታጠልለዋለህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሆቴል ቁርስ ላይ የሚቀርበውን ግን አንመክርም። ሌሊት ተልጦ ማቀዝቀዣ ያደረ በለስ ውሃው ሳህኑ ላይ ፈስሶ፣ ፍሬው ሟሙቶ ነው የሚደርሳችሁ። ሆቴሎች እንግዳው ፊት የሚልጥ አንድ ሰው ቢያቆሙ ነገሩ ሁሉ ይስተካከል ነበር፤ ለምን እንደማያደርጉት ያሳዝናል።

መጠኑን በተመለከተ፣ በለስ ለረጅም ጊዜ ያልበላ ሰው በአንድ ጊዜ ከ5 ባያልፍ፣ ለልጆች ደግሞ 2 ይበቃል። ዘሩ አይፈጭም፤ ሲበዛ አንጀት ውስጥ ተከማችቶ ከባድ ድርቀት ያመጣል። ውሃ አብዝታችሁ ጠጡበት።

ሻንጣ ውስጥ ከትቶ መመለስን የሚያስብም አለ። የአውሮፓ ኅብረት ያለ የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት በመንገደኛ የሚያስገባው ትኩስ ፍራፍሬ አናናስ፣ ሙዝ፣ ኮኮናት፣ ተምርና ዱሪያን ብቻ ነው። አሜሪካ ስትገቡ ደግሞ የያዛችሁትን ማንኛውንም ፍሬ ማሳወቅ ግዴታ ነው። በለሱን እዚያው ባልዲው አጠገብ ቆማችሁ ብሉት።