ለኩላሊት ሕመምተኛ የሚጠበስ ዶሮ፦ ፈሳሽ የተወጋው ወይስ ያልተወጋው?

በአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች በከረጢት የሚሸጠው አጥንት የሌለው የበረዶ ዶሮ ደረት ዋጋው ይማርካል። ኩላሊቱን ለሚያመው ሰው ሲገዛ ግን ከዋጋው በፊት ከስሙ ሥር በደቃቃው የተጻፈውን ያንብቡ። «እስከ 15% የዶሮ መረቅ ይዟል» ዓይነት ነገር ካለ፣ ሥጋው በጨው፣ ብዙ ጊዜም በፎስፌት (ፎስፈረስ የያዘ ተጨማሪ) ውሃ ተወግቷል። ከ2016 ጀምሮ ይህን ከስሙ ጋር መጻፍ ግዴታ ነው። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል አያታልላችሁ፤ መረቅና ጨው የገባበትም ይጻፍበታል።

ምንም ያልተጨመረበት 112 ግራም ጥሬ ደረት ከ45 እስከ 75 ሚሊ ግራም ገደማ ሶዲየም (ጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር) አለው፤ የተወጋው ከ400 ሊያልፍ ይችላል። ፎስፈረሱ ይብሳል። በተፈጥሮ ሥጋው ውስጥ ካለው አንጀት የሚወስደው ግማሽ ያህሉን ነው፤ የተጨመረውን ግን ሁሉንም ለማለት ይቻላል። መጠኑን መጻፍ ደግሞ ግዴታ አይደለም፤ ስለዚህ ከግብዓቶቹ ዝርዝር ውስጥ «ፎስፌት» የሚለውን ቃል ፈልጉ፣ ካገኛችሁት መልሱት።

እሳት ላይም ያስታውቃል። የተወጋው ውሃውን ይለቅና በራሱ እንፋሎት ይቀቀላል፣ ቡናማ አይሆንም፣ ሲያኝኩት እንደ ላስቲክ ነው። ያልተወጋው ገና ሲያርፍ ቸስ ብሎ ቀለም ይይዛል።

ለ4 ሰው ግማሽ ኪሎ ገደማ ይበቃል። ቀጭኑ ጫፍ ቀድሞ እንዳይደርቅ 2 ሴንቲ ሜትር እስኪሆን በፌስታል ሸፍኖ መደብደብ፤ ከዚያ በ2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ በ1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ በ3 ፍልቃቂ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት፣ በቁንዶ በርበሬና በጥብስ ቅጠል ማሸት። 30 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ሎሚ ውስጥ ካደረ ላዩ ነጥቶ ይልፈሰፈሳል። ፍሙ ነበልባሉ ጠፍቶ አመድ ሲለብስ፣ በያንዳንዱ ጎን 5 ወይም 6 ደቂቃ፤ መሐሉ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይወጣል።

ጨው ይቅር ተብሎ ሚጥሚጣ ከተነሰነሰ ግን ድካሙ ከንቱ ነው፤ ጨው አለበት፤ የገበያ በርበሬም እንዲሁ። ከሁሉ የሚያስፈራው «ሶዲየም የሌለው ጨው» ነው። አብዛኛው ፖታሲየም ክሎራይድ ነው፤ ኩላሊቱ ፖታሲየም ማስወጣት ላቃተው ሰው ልብን እስከ ማቆም ይደርሳል።

የበሰለው 85 ግራም፣ የመዳፍ ያህል፣ 26 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይሰጣል። ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) የጀመረ ሰው በርከት እንዲያደርግ ይመከራል፤ ላልጀመረ ብዙ ጊዜ ይቀነሳል። ቁራጩን ከመቁረጣችሁ በፊት መጠኑን ሐኪሙን ወይም የሥነ ምግብ ባለሙያውን ጠይቁ።