የፒርሎ አንድ የውድድር ዓመት በጁቬንቱስ፦ ለሐሳቡ ከ5 4፣ ለሹመቱ ከ5 2

ስመ ጥር ተጫዋች የነበረን ጀማሪ አሰልጣኝ በቀጥታ ትልቅ ቡድን ላይ መሾም የሚያተርፈውንም የሚያከስረውንም ለማየት አንድሪያ ፒርሎ ጥሩ ማሳያ ነው። (ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኦገስት 7 ቀን 2020 ሊዮን ጁቬንቱስን ከቻምፒየንስ ሊግ አስወጣ። በማግስቱ ማውሪዚዮ ሳሪ ተሰናበተ፤ ፒርሎም በዚያው ዕለት የሁለት ዓመት ውል ይዞ ተተካ። ከ23 ዓመት በታች ቡድኑን እንዲይዝ ከተሾመ ገና ዘጠኝ ቀኑ ነበር፤ አንድም ጨዋታ አልመራም። ከፍተኛውን የአሰልጣኝነት ፈቃድ፣ ፕሮ ላይሰንሱን፣ እንኳ ያገኘው ከሹመቱ በኋላ፣ ሴፕቴምበር ላይ ነው።

ሰውየው እውቀት አልጎደለውም። ቡድኑ ኳስ ሲይዝ 3-2-5 (ሦስት ከኋላ፣ ሁለት መሀል፣ አምስት ፊት)፣ ሲያጣ 4-4-2 ይሆናል። ዳኒሎ ከመስመር ወደ ውስጥ ገብቶ ሦስተኛ የመሀል ተከላካይ ይሆናል፣ በሌላው መስመር ኳድራዶ እስከ ጥግ ይወጣል፣ ኬዛ ሜዳውን ያሰፋል። ዲሴምበር ላይ ባርሴሎናን በሜዳው 3 ለ 0 ያሸነፈው ይኸው አጨዋወት ነው።

ችግሩ ያለው ከ3-2-5 መሀል ባሉት ሁለቱ ላይ ነው። አምስት ሰው ወደ ፊት ሲወጣ፣ ከኋላ የሚመሠረተውን ኳስ ጀርባቸውን ለተጋጣሚ ሰጥተው፣ ግፊት ውስጥ ሆነው የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። አንዷ ቅብብል ከተበላሸች ከኋላ የሚሸፍን የለም። ፖርቶ ላይ፣ ፌብሩዋሪ 2021፣ ጨዋታው በተጀመረ በሁለተኛው ደቂቃ አማካዩ ቤንታንኩር ለግብ ጠባቂው ወደ ኋላ የሰጣትን ኳስ የፖርቶው ታሬሚ ቀድሞ አገባት። ከወር በኋላ ሌላው አማካይ አርቱር በራሱ የግብ ክልል ፊት በአግድም ያቀበላትን የቤኔቬንቶው ጋይች ነጥቆ አስቆጠረ፤ ቤኔቬንቶ ቱሪን ላይ 1 ለ 0 አሸነፈ። ያ ቤኔቬንቶ በዓመቱ መጨረሻ ወርዷል። ሁለቱ ጎሎች አንድ ዓይነት ናቸው። አጨዋወቱ ራሱን ፒርሎን የሚመስል አማካይ ይፈልግ ነበር፤ በዚያ ቦታ ጥርሱን የነቀለ ሰው ይህን ማየት ነበረበት። ልምድ ያለው አሰልጣኝ ከመጀመሪያው ስህተት በኋላ ወይ ሦስተኛ አማካይ ይጨምራል፣ ወይ ግብ ጠባቂው ረጅም ኳስ ወደ አጥቂው ሞራታ እንዲመታ ያዝዛል።

ጊዜም አልነበረም። በኮሮና ምክንያት ያለፈው ዓመት ውድድር እስከ ኦገስት ስለተጓተተ ይህ ነው የሚባል ቅድመ ውድድር አልተሠራም፤ ሴፕቴምበር 19 ሊጉ ተጀመረ። እንዲህ ያለ ቦታ መቀያየር ደግሞ በየሦስት ቀኑ እየተጫወቱ የሚለመድ አይደለም።

ክለቡ አንድ ነገር በደንብ አስቦበታል፦ ጋላታሳራይንና ዑዲኔዜን ያሠለጠነውን ኢጎር ቱዶርን ረዳት አደረገለት። ረዳት ግን ይመክራል እንጂ አይወስንም። በፖርቶ የመልስ ጨዋታ ታሬሚ በ54ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ጁቬንቱስ ተጨማሪ ሰዓቱን ጨምሮ ከአንድ ሰዓት በላይ ከአሥር ሰው ጋር ተጫውቶ፣ 3 ለ 2 ቢያሸንፍም የደርሶ መልሱ ድምር እኩል ስለሆነ ከሜዳ ውጪ በተቆጠረ ጎል ወደቀ። ያስወጣችው በ115ኛው ደቂቃ በግድግዳው ሥር ያለፈችው የሰርጂዮ ኦሊቬራ ቅጣት ምት ናት።

ውጤቱን እንመዝን። 52 ጨዋታ፣ 34 ድል፣ 10 አቻ፣ 8 ሽንፈት፤ ሱፐር ካፕና ኮፓ ኢታሊያ። ለሌላ ክለብ ጥሩ ዓመት ነው። ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ ሊጉን ለወሰደ ክለብ ግን 78 ነጥብና አራተኛነት ነው፣ ሻምፒዮኑ ኢንተር 91 ነበረው። ሮናልዶ 29 ጎል አስቆጥሮ እንኳ የቻምፒየንስ ሊግ ቦታ የተገኘው በመጨረሻው ቀን ናፖሊ ከቬሮና ጋር አቻ ስለወጣ ነው።

ስም ብቻ አይቶ መሾም የሚያጓጓው ክለብ የቀደሙትን ይይ። ጓርዲዮላ የባርሴሎናን ሁለተኛ ቡድን አንድ ዓመት ይዞ ከአራተኛ ዲቪዚዮን አሳድጓል። ዚዳን የአንቼሎቲ ረዳት ሆኖ ከዚያ የሪያል ማድሪድን ሁለተኛ ቡድን ካስቲያን መርቷል። ረዳትነት ብቻውን ደግሞ አይበቃም፦ ጋሪ ኔቪል ከእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ረዳትነት ቫሌንሲያ ገብቶ አራት ወር አልሞላውም። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ሁለተኛ ቡድን ላይ፣ ራሱ ቅያሪ እየወሰነ፣ ራሱ እየተሸነፈ ይሥራ። ውሉም አንድ ዓመት ሆኖ የማራዘም አማራጭ ይኑረው፤ ፒርሎ ሜይ 28 ቀን 2021 ሲሰናበት የአንድ ዓመት ውል ቀርቶት ነበር።