«ይህን ፊውዝ አልገጥምልህም» ላሉኝ ባለሙያ

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከሁለት ሳምንት በፊት ነው፤ ሥራ አላስቀምጥ ብሎኝ ዘገየሁ።

እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። መልቲሜትሬን፣ ማለትም ቮልት፣ አምፔርና ኦም (የሽቦ ተቃውሞ) የምለካበትን ሜትር፣ ያቃጠልኩትም ሌላ ማንም ሳይሆን እኔው ነኝ። የአንድ ትንሽ ሞተር አምፔር ለክቼ እንደጨረስኩ ቀዩን ገመድ ከአምፔሩ ቀዳዳ ሳልነቅል፣ መዞሪያውን ብቻ ወደ ቮልት አዞርኩና ፕሮቦቹን (የገመዶቹን መንኪያ ጫፎች) ፌዝና ኒውትራል በሚባሉት ሁለት የመብራት መስመሮች ላይ አሳረፍኳቸው። «ጠቅ» የምትል ድምፅ ሰማሁ፤ በቃ። የሙያ ጓደኞቼ እዚህ ጋ ሳትስቁ አትቀሩም፤ ሳቁ። ሜትር በአምፔር ቀዳዳው በኩል ከቁራጭ ሽቦ አይለይም፤ ሁለቱን መስመሮች በገዛ እጄ በቀጥታ አገናኝቼ ሾርት አድርጌያቸዋለሁ ማለት ነው።

ክፋቱ ሜትሩ የተበላሸ አለመምሰሉ ነበር። ገመዱን ወደ ቦታው ስመልሰው ቮልት ያነባል፣ ኦም ያነባል፣ ሽቦ ሲነካ ይጮሃል። አምፔር ላይ ግን ዜሮ። ሜትሩን በሞተሩ መስመር መሃል ሳስገባው ሞተሩም አይነሳም። እኔ ደግሞ ችግሩ ከመስመሩ ነው ብዬ ጤነኛ ገመድ ስፈታና ስገጥም ግማሽ ቀን አለፈ።

የተቃጠለው ሜትሩ ውስጥ ያለው መከላከያ ፊውዝ መሆኑ ሲገባኝ መጀመሪያ የወሰድኩለት ጠጋኝ «ለጊዜው ሽቦ ልበይድበት» አለኝ። እኔም ከእሱ ብዙ አልሻልም ነበር፤ ሳጥኔ ውስጥ ያለችውን ባለ 10 አምፔር የብርጭቆ ፊውዝ በፎይል ጠቅልዬ ላስገባት ነበር ያሰብኩት። ያን ይዤ ነው እኚህ መለኪያ ብቻ የሚጠግኑ ሰው ዘንድ የሄድኩት።

መጀመሪያ የጠየቁኝ «ምን ስትለካ ነው የተቃጠለው?» ብለው ነው። እውነቱን ነገርኳቸው፤ አልሳቁብኝም። ገመዶቹን ነቅለው ጀርባውን ከፈቱና የብርጭቆዋን ፊውዝ ከእጄ ተቀብለው ጽሑፏን አስነበቡኝ፤ 250 ቮልት። ከሜትሩ የወጣው የሴራሚክ ፊውዝ ላይ ደግሞ 11 አምፔር፣ 1000 ቮልት ይላል። «እቺ ለሬዲዮ ጥሩ ናት፤ እዚህ ግን አልገጥምልህም» አሉኝ።

ምክንያቱን እስከዛሬ በዚህ መልክ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ፊውዝ ሽቦው ስለቀለጠ ብቻ ሥራውን ጨረሰ አይባልም፤ ሲቀልጥ በመሃሉ የሚነሳውን ብልጭታ ማጥፋት አለበት። የብርጭቆው ሆድ አየር ነው፤ ብልጭታው በአየሩና በብረቱ ትነት ውስጥ መንደዱን ይቀጥላል፣ ቱቦውም ሊፈነዳ ይችላል። የሴራሚኩ ሆድ ግን አሸዋ ነው። አሸዋው ሙቀቱን ጠጥቶ ይቀልጥና መንገዱን ይደፍነዋል። እንደኔዋ ያለች የብርጭቆ ፊውዝ ደህና አድርጋ የምትቆርጠው ሾርት ብዙውን ጊዜ 100 አምፔር አካባቢ ድረስ ነው፤ የሜትሩ ፊውዝ 20,000 አምፔር ይችላል። ዋና የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ላይ የሚፈጠር ሾርት ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር አምፔር ሊሆን ይችላል። ሜትሩን በእጄ ይዤ የምቆመው እዚያ ፊት ነው።

ትክክለኛው ፊውዝ በእጃቸው ስላልነበረ ጥቂት ቀን አስጠበቁኝ። «እስኪመጣ ቮልት ለካበት፣ አምፔሩን እርሳው» ብለው ገጥመው መለሱልኝ። ዋጋው ደስ አይልም፤ እንዲህ ያለ ፊውዝ አንዳንዴ ከርካሽ ሜትር ዋጋ ጋር ይፎካከራል። ስልክ የማንሳት ነገር ላይም ጎበዝ አይደሉም፤ ይህንን እያወቃችሁ ሂዱ።

ያሳዩኝን ዘዴ ግን እዚሁ ልንገራችሁ፤ አሁን በየሳምንቱ ሰኞ አደርገዋለሁ። ቀዩን ገመድ በቮልቱ ቀዳዳ እንደተሰካ መዞሪያውን ኦም ላይ ታደርጉና የፕሮቡን ጫፍ አምፔሩ ቀዳዳ ውስጥ ትነካላችሁ። ሌላ ምንም ነገር አይነካ። የኔው ሜትር ላይ ከ0.5 ኦም በታች ማንበብ አለበት፤ በሚሊ አምፔሩ ቀዳዳ ደግሞ 1000 ኦም አካባቢ። የእናንተን ልክ ከመመሪያው ላይ እዩ። ስክሪኑ ላይ «ኦኤል» (OL) ካለ መስመሩ ተቋርጧል፣ ፊውዙ ሄዷል፤ ሳይከፈት ታወቀ።

አድራሻቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ስትሄዱ የሜትሩን ሞዴል ቁጥር ያዙ፤ የተቃጠለውን ፊውዝም አትጣሉት። የኔው ሁለት ፊውዞች አንዱ 38 ሌላው 35 ሚሊሜትር ናቸው፤ በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል።