ዶናት፦ በእርሾ ወይስ በቤኪንግ ፓውደር?

የእርሾው ዶናት ትዕግሥት ይፈልጋል። ሊጡ ታሽቶ ኩፍ እስኪል 1 ሰዓት ገደማ፣ ከተቆረጠ በኋላም 30 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ግን ውስጡ እንደ ጥጥ ይለሰልሳል፤ ሲጠበስም ወገቡ ላይ ነጣ ያለ መስመር ይዞ ይወጣል። ለእኔ ዶናት ማለት ያ መስመር ነው።

የቤኪንግ ፓውደሩ ተቦክቶ ብዙም ሳይቆይ ይጠበሳል፤ እንግዳ በር ላይ ከደረሰ እሱ ያዋጣል። ጠጠር ብሎ ወደ ኬክ ያደላል። ብዙ ካሹት ግን ይደድራል።

ዘይቱ ለሁለቱም 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሁን፤ ቀዝቀዝ ካለ ሊጡ ዘይት ይጠጣል። ቴርሞሜትር ከሌለ ቁራጭ ሊጥ ጣል ማድረግ ነው፤ ወዲያው አረፋ ከብቧት ከተንሳፈፈች ደርሷል። ልጆች ቤት ካሉ የእርሾውን ይሥሩ፣ መቁረጡን ለእነሱ ይተዉላቸው።